የነነዌ ሰኞ ምሳ

«ሹሙን ምሳ ጠርቼ አናግርላችኋለሁ» ያለው ታረቀኝ ራሱ ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ማንም አልለመነውም። የእህል በረንዳ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ በተመረጠ በሳምንቱ፣ አባላቱ በተሰበሰቡበት፣ ወንበሩ ገና ሳይሞቅለት ብድግ ብሎ ተናገረው። ቃል ደግሞ እንደ ጤፍ ነው፤ አንዴ ከቁናው ከፈሰሰ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። ጤፍ ሲሸጥ የኖረው ታረቀኝ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከገና ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። እህል በረንዳው ካለበት ተነስቶ ከተማው ዳር ወደ ተከለለ አዲስ ቦታ ይሄዳል አሉ። መሄዱስ ይሂድ፤ ከተማ ሲሰፋ ገበያ መገፋቱ ያለ ነው። ጭንቁ «መቼ?» የሚለው ነበር። አንዱ «ከዐቢይ ጾም በፊት» ይላል፤ ሌላው «ክረምቱ ካለፈ በኋላ» ይላል፤ ሦስተኛው «የአጎቴ ልጅ ከሚያውቅ ሰው ሰምቶ» ብሎ ይጀምርና ዙሪያውን አይቶ ይተወዋል። አዲሱ ጤፍ ደግሞ ከአውድማ እየገባ ነው። መጋዘኑን ጢም አድርጎ ሞልቶ «ተነሳ» የተባለ ነጋዴ እህሉን ሜዳ ላይ ለዝናብና ለአይጥ ደገሰ ማለት ነው። ፈርቶ ያልሞላ ደግሞ ክረምት ሲገባ እጁን አጣጥፎ የሰው ሚዛን ሲወጣና ሲወርድ ያያል።

ታረቀኝንም በየማለዳው በስልክ ጩኸት የሚያስቀሰቅሰው ይኸው ጉዳይ ነበር። የይጁቤው አማረ ከየገበሬው ነጭ ጤፍ ሰብስቦ ለዓመታት ለእሱ ሲያቀርብ የኖረ ደንበኛው ነው። ሰላምታውን እንኳ አሳጥሮታል።

«እህስ፣ ታረቀኝ? ላምጣ ወይስ ለሌላ ልስጥ?»

«ትንሽ ታገሠኝ፣ አማረ።»

«እኔስ እታገሥ ነበር፤ ገበሬው ነው የማይታገሠኝ። የደጀን ነጋዴዎች መኪናዎች እኮ ደጄ ላይ ቆመው ነው የሚያድሩት።»

እንግዲህ ከሹሙ አፍ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ካልተሰማ፣ የታረቀኝ መጋዘን ዘንድሮ ወይ በሰው ጥድፊያ ይሞላል ወይ በራሱ ፍርሃት ባዶውን ይቀራል። እንደ እሱ ያሉትም የማኅበሩ አባላት ሁሉ ዓይናቸውን የጣሉት ሊቀመንበራቸው ላይ ነው።

ሹሙ አቶ አበረ ይባላሉ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሹም እንደሆኑ ብንተወው ይሻላል፤ መሥሪያ ቤትም እንደ ጎረቤት ቶሎ ይቀየማል። የገበያው ነገር በእጃቸው ነው ማለት ይበቃል።

ታረቀኝ ምሳውን ሲያስብ ዝም ብሎ አላሰበውም። ዘዴ ነበረው። ዘዴውን መጀመሪያ የነገራት ለሚስቱ ለወለተ ኪዳን ነው።

«ሹምን ስብሰባ ላይ ከጠየቅሽው ‹እየታየ ነው› ይልሻል» አላት። «ቢሮው ሄደሽ ከጠየቅሽው ‹ከሚመለከታቸው ጋር እየተነጋገርንበት ነው› ይልሻል። ማዕድ ላይ፣ ጠጋ ብለሽ፣ በገዛ እጅሽ አንድ ጉርሻ ጠቅልለሽ ካጎረስሽው በኋላ በጆሮው ብትጠይቂው ግን እምቢ የሚልበት አፍ የለውም። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እኔ ያን ንቅነቃ ነው የምፈልገው።»

ወለተ ኪዳን ነጠላዋን አስተካከለችና «የነቀነቀው ትን ብሎት ቢሆንስ?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ!»

«አይ፣ ጉርሻህን ስለማውቀው ነው።»

ከዚያ ወዲያ የስልኩ ጣጣ መጣ። የአቶ አበረን ቀጠሮ የምትይዘው ሂዊ የምትባል ትሕትናዋ የተመሰገነ ጸሐፊያቸው ነበረች። ታረቀኝ በደወለ ቁጥር «አቤት ጋሼ ታረቀኝ» ትለዋለች፤ ቀን ግን የላትም። አንድ ቀን ስታገኝ ደግሞ ረቡዕ ሆነ።

«ረቡዕማ ጾም ነው፣ የኔ ልጅ። ሹም ጠርቼ ሽሮ ላብላ?»

«ታዲያ ዓርብ ላድርግልዎት?»

«ዓርብስ ምን ሊሆን ነው? እሱም ጾም!»

«ውይ፣ እውነትዎን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ስብሰባ አለባቸው። ተስፋ አይቁረጡ፣ እደውልልዎታለሁ።»

ደወለችም። ሐሙስ ወደ ማታ፣ ታረቀኝ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ ተገኘ! የፊታችን ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። እስከ ስምንት ሰዓት ይቆዩልዎታል። ግን እንዳይቀየር አደራ፤ ማክሰኞ በጠዋት ለሥልጠና ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚመለሱ ለእኔም አልተነገረኝም።»

«ሰኞ!» አለ ታረቀኝ። «ሰኞ የተባረከ የፍስክ ቀን! ምን ይቀየራል? እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ!»

በማግሥቱ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ ሲናገር ዋለ። ረቡዕን እንዴት እንደመለሰ፣ ዓርብን እንዴት እንዳሰናበተ፣ ሰኞን እንዴት አድርጎ ከሹም መሥሪያ ቤት እንዳወጣ ሳያዛንፍ ተረከ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ሲደርስ ሰኞን የመረጠው እሱ ራሱ ሆኖ ነበር። አተርና ባቄላ ነጋዴው ፈንታ፣ ለሊቀመንበርነቱ አብሮት ተወዳድሮ የቀረው ማለት ነው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና «ጎሽ» ብቻ አለው። ፈንታ «ጎሽ» ብሎ ሲያቆም ነገር እንዳለው ታረቀኝ ማወቅ ነበረበት፤ ግን ደስታ ጆሮ ይደፍናል።

ምሳው የአሰገደች ሆቴል ሊሆን ተወሰነ። አሰገደች ስንት የሠርግና የምርቃት ድግስ ያስተናገደች፣ እጇ የተፈተነ፣ አፏም እንደ እጇ የማይሰንፍ ሴት ናት። ታረቀኝ አዳራሹን ከእሷ ጋር እየዞረ ወንበር ሲያስጠጋና ሲያርቅ ዋለ። ድምፅ ማጉያው የት እንደሚቆም፣ ባነሩ በየትኛው ግድግዳ እንደሚሰቀል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም ተነገራት።

«እኔ ከአቶ አበረ በስተግራ ነኝ» አላት።

«ምነው በስተቀኝ አትሆንም? ሊቀመንበር አይደለህ?»

«ቀኝ እጄ ወደ እሳቸው እንዲሆን ነዋ።»

አሰገደች ነገሩ ገባትና ሳቀች። «አይ ታረቀኝ! ሹሙን በእንጀራ ልታጠምድ ነው!»

መርሐ ግብሩም ለጉርሻው ሲባል ተቀናበረ። ሹሙ መጀመሪያ አጠር ያለ ንግግር ያደርጋሉ፤ ከዚያ ማዕድ ይቀርባል፤ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሙክት ተገዝተው የአሰገደች ጓሮ ታሰሩ። ሰኞ ንጋት ላይ ይታረዳሉ፤ ዱለቱ መጀመሪያ ይቀርባል፤ ጥብሱ ይከተላል። ታረቀኝ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደ ደገሰ አባወራ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። ምእመናኑ በዐጸዱ ቆመው ቡራኬ ሲጠብቁ አንድ ቄስ ጠጋ ብለው እንደ ልማዳቸው ማስታወቂያ ነገሩ። የጠፋ ላስቲክ ጫማ ነበር፤ እሱ ተነገረ። የአንድ ክርስቲያን ሙት ዓመት ነበር፤ እሱም ተነገረ። ከዚያ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ምእመናን፣ እንደምታውቁት ነገ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። ሦስት ቀን ነው። አደራ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውኃ እንዳትቀምሱ። ሰብአ ነነዌ ሦስት ቀን ጾመው ነው ከጥፋት የዳኑት።»

ታረቀኝ መቋሚያውን ጨብጦ እንደቆመ ቀረ። ረቡዕንና ዓርብን በር ዘግቶ ሲመልስ ነነዌ በጓሮ ገብታ ቁጭ ብላለች! ነነዌ ደግሞ እንዲህ ናት፤ ቀኗ በየዓመቱ ይዞራል፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድንገት ከተፍ ትላለች። ቀን መቁጠሪያውን ገልጦ ያላየ ሰው ሁልጊዜ እንዳስደነገጠችው ነው።

ቀና ብሎ ሲያይ የማኅበሩ አባላት ግማሽ ያህሉ በግቢው አሉ፤ ሁሉም እሱን ያያሉ። ፈንታ ጋቢውን እያስተካከለ መጣ።

«እንኳን ለጾመ ነነዌ በሰላም አደረሰህ፣ ሊቀመንበር።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ ታረቀኝ። ከዚያ ፊቱን አየና «ፈንታ፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር?» አለው።

«ዓርብ ዕለት ስትነግረኝ አሰብኳት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«ሊቀመንበር የሚያውቀውን እንዴት ለሊቀመንበር እነግራለሁ? ያው ሹሙም እንዲጾሙ አስበህ ይሆናል ብዬ ነው።» ጥቂት ሄደና ደግሞ ተመለሰ። «ለመሆኑ ሙክቶቹ ሳር እየበሉ ነው? በነነዌ እንስሳቱም ጾመው እንደነበር እንዳትረሳ።»

ታረቀኝ በቀጥታ አሰገደች ጋ ሄደ። እሷም ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነው፤ ጓሮ ቆማ ሙክቶቹን ታያለች፤ ሙክቶቹም እሷን ያያሉ።

«እንደው አንቺ እንኳ፣ የሆቴል ሰው ሆነሽ፣ ጾም መግባቱን አታውቂም?» አላት።

«አንተ ሰኞ አልክ፤ እኔ ሰኞ ብዬ ያዝኩ። ቀን የሚመርጠው ሊቀመንበር ነው፤ እኔ የምመርጠው በርበሬ ነው። አሁን ጩኸቱን ተወውና የሚበጀውን እናስብ።»

አሰቡ። ቀኑን መለወጥ አይቻልም፤ ሹሙ ማክሰኞ የሉም፤ የይጁቤው አማረም ከዚህ በላይ አይጠብቅም። ሰዓቱን ወደ ዘጠኝ መግፋትም አይሆንም፤ ሂዊ እስከ ስምንት ብቻ ብላለች። የጾም ምግብ ሠርቶ በሰዓቱ ማቅረብስ? አሰገደች ራሷን ነቀነቀች።

«እሺ፣ ሽሮውንም ምስሩንም አቀረብኩ እንበል። ከእነዚያ ሁሉ ነጋዴዎች ማን ነው እጁን ቀድሞ የሚሰደው? እቤቱ ተደብቆ የሚቀምስ አይጠፋም ይሆናል፤ በጉባኤ ፊት፣ በነነዌ፣ በቀትር፣ ፈንታ እያየው ማን ይጎርሳል? ምግቡ እዚያው ሲደርቅ እኔ አፍራለሁ።»

«እኔስ? ሰው ምሳ ጠርቶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ በየት አገር ታየ? ‹ታረቀኝ ሹም ጠርቶ በረኃብ ሰደደ› ተብሎ እስከ ዲማ ድረስ ይወራብኛል።»

«ሹሙ ራሳቸው ይጾሙ እንደሆነስ? ጸሐፊዋን ጠይቃት።»

ደወለ። ሂዊ ስትሰማ «ውይ በሞትኩት!» አለች። «እኛም ሳናይ ቀረን ማለት ነው?»

«የኔ ልጅ፣ አቶ አበረ ነነዌን ይጾማሉ?»

«ጋሼ ታረቀኝ፣ ይህን እንዴት አድርጌ ልጠይቃቸው? ይጾማሉ ብዬ ገምቼ ባይጾሙ፣ አይጾሙም ብዬ ገምቼ ቢጾሙ... ለእኔም ለሥራዬም ጥሩ አይደለም። ብቻ ይመጣሉ። ቀጠሮው ተይዟል።»

በመጨረሻ አሰገደች ቆረጠችው። ንግግሩ በሰዓቱ ይሁን፤ ሙክቶቹ ነነዌ እስክታልፍ እዚያው ታስረው ይቆዩ፤ የጾም ማዕድ ዘጠኝ ሰዓት ይቅረብ፤ መቆየት የቻለ ይብላ። ለሹሙ ደግሞ፣ ምናልባት የማይጾሙ ቢሆን፣ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል አንድ ትሪ ተከድኖ ይቀመጥ። ማንም አያይ፤ ማንም አይጠይቅ። ታረቀኝ ተስማማ፤ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ያሳዘነው ግን የምሳው አለመኖር ብቻ አልነበረም። ጉርሻው ቀረ። ያችን ጥያቄ ተሸክማ የምትገባለት ጉርሻ ከነዘዴዋ ቀረች።

ቤቱ ገብቶ ለወለተ ኪዳን ሲነግራት አልሳቀችበትም፤ ይህ ነው የበለጠ ያስደነገጠው። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለችው ብቻ።

«እሱማ ደግሶ ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሰኞ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አዳራሹ ሞላ። ነጋዴው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ፣ ነጠላና ጋቢውን አጣፍቶ፣ ረድፍ ረድፉን ይዞ ተቀምጧል። ጠረጴዛዎቹ ላይ ነጭ ጨርቅ አለ፤ በጨርቁ ላይ የታሸገ ውኃ አለ፤ ሌላ ነገር የለም። አሰገደች ውኃውን ያስቀመጠችው ጠረጴዛ ራቁቱን እንዳይቀር ነው፤ ሊጠጣው ያሰበ አልነበረም።

አቶ አበረ በሰዓታቸው መጡ። ረጋ ያሉ፣ ጸጉራቸው ከጆሯቸው በላይ ሽበት ያስቆጠረ፣ ሲጨብጡ ጠበቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ታረቀኝ በር ላይ ተቀብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስለ ነነዌም ስለ ዘጠኝ ሰዓቱም ይቅርታ ጠየቀ። «በጎን በኩል ደግሞ፣ ምናልባት... ዕረፍት ቢያስፈልግዎ... አንዲት ክፍል አዘጋጅተናል» አለ፤ ትሪ የምትለዋን ቃል ግን ዋጣት።

ሹሙ አዩትና «ዕረፍትስ አያስፈልገኝም» ብለው አለፉ።

ንግግራቸውን ጀመሩ። ስለ ልማት ተናገሩ፤ ስለ መቀናጀት ተናገሩ፤ ነጋዴው የከተማው የጀርባ አጥንት መሆኑን ተናገሩ። ሰው በዝምታ አዳመጠ። በሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ከጓዳ ጥብስ ሲንጣጣ ይሰማል፣ የማንኪያው ድምፅ ይመጣል፣ የሰው ሐሳብ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ተናጋሪም ያን አይቶ ያሳጥራል። ዛሬ ግን ወደየትም የሚሄድ ሐሳብ የለም። የተራበ ሰው ዓይን እንዴት እንደሚያፈጥ አቶ አበረ ያን ቀን አዩት። መሃል ላይ ጉሮሯቸው ደረቀና እጃቸውን ወደ ውኃው ሰደዱ፤ ክዳኑን ያዙ፤ ቀና ብለው አዳራሹን አዩ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ይጹሙ አይጹሙ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ፈንታ ግን ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «ሰውዬው ሲሾም ሳይበላ ቀረ» አለ፤ ያ ረድፍ በሙሉ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

ንግግሩ አለቀ። ተጨበጨበ። አቶ አበረ ተቀመጡ። መርሐ ግብሩ ላይ ቀጥሎ ያለው «ማዕድ» ነው፤ ማዕድ የለም። ስምንት ሰዓት ደግሞ ገና ነው። ሹሙ ጠረጴዛውን አዩ፤ ነጋዴው ሹሙን አየ።

ታረቀኝ በስተግራቸው ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁም በታሰበላት ቦታ ናት፤ ባዶዋን። ጠጋ ብሎ በጆሯቸው ሊጠይቅ አሰበ፤ ያለ ጉርሻ የሰው ጆሮ ሥር መግባት ግን ሐሜት ይመስላል። ዝም ሊል አሰበ፤ የአማረ ድምፅ «ላምጣ ወይስ ለሌላ ልስጥ?» አለው። ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን እንኳ አላነሳም።

«አቶ አበረ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለ። «ምሳ ብለን ጠርተን ምሳ አላቀረብንም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀን ቆጥሬ ቀን ሳትኩ። እውነቱን ለመናገር ካበላሁዎት በኋላ በጆሮዎ ልጠይቅዎ ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። የማጎርስዎ ነገር ስለሌለኝ በሰው ፊት ልጠይቅዎ ነው።»

አሰገደች ከጓዳ በር ላይ ብቅ አለች።

«በረንዳው መቼ ነው የሚነሳው? አይነሳ አላልንም። መጋዘናችንን እንሙላ ወይስ አንሙላ? ገበሬው እህሉን ጭኖ ይጠብቀናል። ‹እየታየ ነው› ካሉን እናከብርዎታለን፤ ግን በዚያ ቃል መጋዘን አይሞላም።»

አቶ አበረ ሰዓታቸውን አዩ። «ምሳው ስንት ሰዓት ነው አላችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት፣ ጌታዬ።»

«እኔ እስከ ስምንት ነው የያዝኩላችሁ።» ትንሽ አሰቡና ተነሱ። «ለመብል የያዝነው ጊዜ ባዶውን ከሚያልፍ ተነሱ፤ ቦታውን አብረን እንየው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ ያየሁት በወረቀት ላይ ነው።»

ያን ጊዜ የአሰገደች አዳራሽ ወንበር ሲንኳኳ የሰማ ሠርገኛ የተነሳ መስሎት ነበር። የቻለ ባጃጅ ያዘ፣ ያልቻለ በእግሩ ሄደ። ሹሙ በመኪናቸው ቀድመው ነበር፤ ከቦታው መዳረሻ ግን መንገዱን የቆረጠው ቦይ አስቆማቸው። ሾፌሩ ወደ ፊት ሞከረ፣ ወደ ኋላ ሞከረ፣ ተወው። አቶ አበረ ወርደው፣ ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ።

ቦታው ሰፊ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። የተከለለበት ችካል አለ፤ ጥግ ላይ ጣሪያ ያልለበሰ አንድ መጋዘን አለ፤ የቀረው ጥቁር አፈር ነው። ነጋዴዎቹ ተበታትነው አፈሩን በእግራቸው መቱት፤ ጎንበስ ብለው ያዙት፤ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ አያስፈልግም ነበር። አቶ አበረ እስከ መጨረሻው ችካል ሄደው፣ ላብ አጥምቋቸው ተመለሱና አንድ ድንጋይ ላይ አቧራውን ሳያራግፉ ቁጭ አሉ።

«የነነዌው ንጉሥ ከዙፋኑ ወረደ» አለ ፈንታ በሹክሹክታ።

«ዝም በል!» አለው ታረቀኝ፤ እሱም ግን ከንፈሩን ነክሶ ነው።

«ከይጁቤ እህል የሚያመጣው መኪና ስንት ኩንታል ይጭናል?» ሲሉ ጠየቁ ሹሙ።

ታረቀኝ ነገራቸው። ሹሙ ወደ ቦዩ አሻግረው የራሳቸውን መኪና አዩ፤ ባዶዋን ያልተሻገረችውን።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ፤ ነጋዴዎቹ ተሰበሰቡ። «ይህ ቦይ ሳይደፈን፣ መንገዱ ጠጠር ሳይለብስ፣ ከበረንዳችሁ አንድ ኩንታል አይነሳም። ይህ ደግሞ ከፋሲካ በፊት አይደርስም። እስከ ፋሲካ ማንም እንደማይነካችሁ እኔ እናንተ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቢሮ ስመለስም በጽሑፍ አወጣዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ከጠየቃችሁኝ ግን አላውቀውም። ክረምቱ ሳይገባ ልትነሱም ትችላላችሁ። ክረምቱን እዚያው ልታሳልፉም ትችላላችሁ። የማላውቀውን አውቃለሁ አልልም።»

የፈለጉትን ሁሉ አላገኙም። ሙሉውን ክረምት የጠበቀ ነበር፤ ፊቱ ጠቆረ። ግን ማንም አልተከራከረም። በነነዌ፣ በባዶ ሆድ፣ በቀትር ፀሐይ የተሰጠ ቃል ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ሆዱ ይንጫጫል። በጥብስ መሃል ከተነቀነቀ ጭንቅላት ይህ ይሻላል ሲል ታረቀኝ በልቡ አሰበ፤ ለወለተ ኪዳን ሲነግራት ምን እንደምትል አውቆም ከወዲሁ ፈገግ አለ።

አቶ አበረ ተሰናበቱ። ታረቀኝ እስከ ቦዩ ሸኛቸውና «ዘጠኝ ሰዓት ቢመለሱልን» አለ።

«ሌላ ቀጠሮ አለብኝ» አሉ። ከዚያ መለስ ብለው «በሚቀጥለው ስትጠሩኝ ግን ቀኑን ሂዊም አንተም ቄስ ጠይቃችሁ ያዙት» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ታረቀኝ ከቦዩ ዳር እንደቆመ ስልኩን አወጣ።

«እህስ?» አለ አማረ።

«ግማሹን አምጣ።»

«ግማሹን? ሌላውስ?»

«እስከ ፋሲካ ሸጬ የምጨርሰውን ያህል አምጣ። የቀረውን ገበሬው ጎተራ ያቆይልኝ፤ ያለውን ዋጋ ይጨምርብኝ፣ አልሰስትም።»

«ገበሬውን እንዴት ብዬ ነው የማሳምነው?»

«ሹሙ ከፋሲካ ወዲያ ያለውን አላውቅም አሉ በለው። እኔም አላውቅም በለው። እንደዚህ ከነገርከው ያምንሃል።»

አማረ «እሺ፣ ነገ ማለዳ አስጭናለሁ» አለ። ከዚያ እንደ ድሮው ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤናው ይጠይቅ ጀመር።

ከበስተኋላው ጩኸት ተነሳ። ፈንታና አንድ የበቆሎ ነጋዴ፣ ቆርቆሮ ያልለበሰ፣ መንገድ ያልገባለት ሜዳ ላይ፣ ወደ ዋናው መንገድ የሚያየው የማዕዘን ሱቅ የማን ነው ብለው ተያይዘዋል። ፈንታ በእርምጃ ለክቶ አራት ድንጋይ አስቀምጧል፤ ሌላው አንዱን ድንጋይ አንስቶ ይዟል።

«ሊቀመንበር! ና እንጂ፣ ፍረደን!» አለ ፈንታ። ያለ ፌዝ «ሊቀመንበር» ብሎ ሲጠራው ያ የመጀመሪያው ነበር።

ታረቀኝ «በል አማረ፣ ቻው» አለና ስልኩን ዘጋ። ከቦዩ ተመልሶ፣ ድንጋዩን ከሰውዬው እጅ ተቀበለና የት ያስቀምጠው እንደሆነ ያይ ጀመር።